ለመውለድ ላሰባችሁ፦ ከሐዋሳዋ አዋላጅ ጋር ጥያቄና መልስ

ሰላም የሐዋሳ ልጆች። ዛሬ ልጅ ለምታስቡ ስለ ምግብና ስለ ቫይታሚን እመልሳለሁ። ሕመም ያለባችሁ ወይም መድኃኒት የምትወስዱ ግን መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ።

ከታቦር፦ ሲስተር፣ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን የቫይታሚን ክኒን መቼ ልጀምር? ጎረቤቴ «ስታረግዢ ጤና ጣቢያ ይሰጡሻል፣ ምን አስቸኮለሽ» አለችኝ።

መልስ፦ ዛሬ ጀምሪ እህቴ። የልጁ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚወጡበት ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው። ያኔ የወር አበባሽ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። ብዙዎቻችን ጤና ጣቢያ የምንሄደው በሦስተኛ በአራተኛ ወራችን ነው። በዚያን ጊዜ ቱቦው ተዘግቷል፣ ወይም ሳይዘጋ ቀርቷል። ክኒኑ ወደ ኋላ ሄዶ አይዘጋውም። በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከማርገዝሽ ቢያንስ አንድ ወር ቀድመሽ፣ እስከ 12ኛው ሳምንት ውሰጂ። ጀርባው ክፍት የሆነ ሕፃን በእጄ ተቀብያለሁ። እናቱ ክኒኗን አንድ ቀን አላጓደለችም። የጀመረችው ግን በአራተኛ ወሯ ነበር፤ ቀድሞ የነገራት ሰው የለም። ክኒኑ ሁሉንም አያስቀርም፤ ብዙውን ግን ያስቀራል።

ከመናኸሪያ፦ እኔ ባለ 5 ሚሊግራሙን ገዛሁ። ብዙ ሲሆን ይሻላል አይደል?

መልስ፦ አይሻልም። ከ400 ማይክሮግራም 12 እጥፍ ተኩል ነው። እሱን ሐኪም የሚያዝዘው ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ልጅ ለወለደች፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምትወስድ፣ ስኳር ላለባት ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒታችሁን ደግሞ በራሳችሁ እንዳታቆሙ!

ከፒያሳ፦ ሲስተር፣ ምን ልብላ?

መልስ፦ እንዲህ ተብሎ ምን ይመለሳል? ትጾሚያለሽ? ደም ማነስ አለብሽ? ዘርዝረሽ ጠይቂኝ።

ከአቶቴ፦ እኔ ጿሚ ነኝ። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን እበላለሁ። ቡናዬ ከምሳ ጋር ነው።

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ምስርና ጎመን ፎሌት (በምግብ ውስጥ ያለው የፎሊክ አሲድ ዓይነት) አላቸው፤ ጎመኑን ብዙ አታንተክትኪው። ክኒኑን ግን አይተኩም። ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ደምሽ እንዳይገባ ይይዙታል፤ ከምግብ አንድ ሰዓት አርቂያቸው። ምስሩ ላይ ሎሚ ጭመቂበት። ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ውጤት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የምትጾሚ ከሆነ ለሐኪም ንገሪ። ዋሳም (የእንሰቱ ቂጣ) ብቻውን አይበቃም፤ ባቄላ ይኑርበት፣ ሲፈታ አይብ።

ከሐይቅ ዳር፦ ጥሬ ዓሣስ? አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ላይ ሁሌ እንበላለን።

ከሞቢል፦ እናቶቻችን እየበሉት አይደል የወለዱን!

ከታቦር፦ የታመመውን ማን ቆጠረው ወንድሜ?

ከሞቢል፦ ትኩስ ከሆነ ምንም የለውም። ዋናው የሚቃጠለው ማባያ፣ ዳጣው ነው።

መልስ፦ ዳጣ በጥሬ ዓሣ ውስጥ ያለ ትል አይገድልም። ቆሮሶ ዓሣውን ጠብሳችሁ ብሉ፣ ጥሩ ምግብ ነው። ጥሬ ሥጋም ይቅር። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ከፒያሳ፦ ለደም ብዬ በየቀኑ ጉበት እበላለሁ።

መልስ፦ ተዪው። ቫይታሚን ኤው ከልክ ሲያልፍ ጽንስ ይጎዳል።

ከአቶቴ፦ ባሌስ?

መልስ፦ ሲጋራውን አሁን ያቁም፣ መጠጡን ይተው። የወንድ ዘር ለመብሰል ከሁለት ወር በላይ ይፈጅበታል።

ከመናኸሪያ፦ ሁለት ዓመት ሞከርን። የትኛው ቫይታሚን ይሻለናል?

መልስ፦ ቫይታሚን አትጠብቁ። ሁለታችሁም ተመርመሩ፣ እሷ ብቻዋን አትሂድ። ከ35 ዓመት በታች ከሆነች አንድ ዓመት፣ 35 ከሞላት ስድስት ወር ሞክሮ መመርመር ነው።

ከሞቢል፦ ፎሊክ አሲዱ ካረገዘች በኋላ ቢጀመርስ?

መልስ፦ ከላይ መልሼዋለሁ፤ እባካችሁ አንብቡ። ቀድሞ ነው! ሳትጀምር ያረገዘች ካለች ግን ነገን አትጠብቅ። ዛሬውኑ ጀምራ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ትሂድ።