ሰዓቱ የሰልጣኙ ነው፦ ስለ መንጃ አሰልጣኞች ሥነ ምግባር ጥያቄና መልስ

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና መንዳት ማሰልጠን ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። አብዛኛውን ጊዜ አውቶሞቢል፣ የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት ደግሞ ሕዝብ 1 የሚባለውን የሕዝብ ማመላለሻ መንጃ ፈቃድ ደረጃ አሰለጠንኩ። አሰልጣኝ ምን ማድረግ እንዳለበትና እንደሌለበት ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ለመጡልኝ ጥያቄዎች መልሴ እነሆ።

ጥያቄ፦ ፍሪሲዮን ቶሎ ለቅቄ ሞተሩ ሲጠፋብኝ አሰልጣኜ «አንቺ መቼም አይገባሽም» እያለ ይጮኽብኛል። የተለመደ ነው?

መልስ፦ የተለመደ ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። እኔም በመጀመሪያው ዓመት ጮኼ አውቃለሁ። ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት ስንወጣ፣ አንዲት ሰልጣኝ ቆማ ስትነሳ መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ከኋላችን ሚኒባስ ነበር። ጮኽኩ። ልጅቷ ደንግጣ ሁለቱንም እግሮቿን ከፔዳሉ ላይ አነሳች። የቆምነው በእኔ በኩል ባለው ፍሬን ነው። ያ ተጨማሪ ፍሬን የተገጠመው አሰልጣኙ እንዲረግጠው ነው፤ የሚረግጥ ሰው መጮኽ አያስፈልገውም። እህቴ፣ «ስህተቴን መኪናው ከቆመ በኋላ ይንገሩኝ» በዪው። ካልተሻሻለ ተቋሙ ሌላ አሰልጣኝ እንዲመድብልሽ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ማርሽ ስቀይር እጄን ይይዛል። «እያስተማርኩሽ ነው» ይላል።

መልስ፦ ማርሽ ለማስተማር እጅ መያዝ አያስፈልግም። ሞተሩ ጠፍቶ፣ መኪናው ቆሞ፣ አሰልጣኙ በራሱ እጅ ያሳያል፤ ሰልጣኟ ትደግመዋለች። አደጋ ከመጣ መሪውን ይይዛል እንጂ የአንቺን እጅ አይደለም። «እጅዎን ያንሱልኝ» ለማለት ምክንያት መደርደር የለብሽም። ከደገመው ለኃላፊው በጽሑፍ አመልክቺ፤ ቀኑንና ሰዓቱን አትርሺ። ማታ ማታ ከሥልጠና ጋር የማይገናኝ መልእክት የሚልክም ያው ነው።

ጥያቄ፦ በሥልጠናዬ ሰዓት ልጁን ከትምህርት ቤት እንድናመጣ ያደርገኛል።

መልስ፦ ልጁን ያሳድግለት፤ ሰዓቱ ግን የእርስዎ ነው። ስትነሱና ስትመለሱ ሰዓቱንና መኪናው የቆጠረውን ኪሎ ሜትር ማስታወሻ ላይ ይጻፉ። እየጻፉ ማየቱ ብቻ ብዙ አሰልጣኝ ያስተካክላል።

ጥያቄ፦ አሰልጣኝ ነኝ። ሰልጣኞች በራሳቸው ፈቃድ «ሻይ ጠጣበት» ብለው ይሰጡኛል። ምን ነውር አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሰጠህን ሳይሆን ያልሰጠህን አስብ። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ተራውን የሚጠብቀው ልጅ ሁለት መቶ ብር ስትቀበል ካየ፣ ነገ ስታርመው ስላልሰጠ የምታጠቃው ይመስለዋል። እኔ ፈተናው እስኪያልፍ ምንም አልቀበልም። ካለፈ በኋላ ቡና ቢጋብዘኝ እጠጣለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ወደ ኋላ ሄዶ ማቆም ሲለማመድ «የኋላው መስኮት ከሁለተኛው ምሰሶ ሲገጥም መሪውን እስከ መጨረሻው» እያለ በቃሉ ይወጣዋል። ትምህርት ነው ይሄ?

መልስ፦ ለፈተና ማለፊያ ነው። መርካቶ ውስጥ ግን ሁለተኛ ምሰሶ የለም፤ ከኋላ የሚመጣው ሸክም የተሸከመ ወዛደር ነው። ምልክቱን ማስተማር ራሱ ጥፋት አይደለም፣ እኔም አስተምረዋለሁ፤ ጥፋቱ እዚያው ላይ ማቆም ነው። አንዳንድ ቀን ሰልጣኞቼ ሳያውቁ ምሰሶዎቹን ግማሽ ሜትር አራርቄ እተክላለሁ። የሸመደደው ይገጫል። ስፖኪዮውን እያየ፣ አንገቱን አዙሮ የሚመለሰው ግን ምሰሶው መነሳቱንም ሳያውቅ ገብቶ ይቆማል። ልጅዎ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሰፈር ውስጥ ሁለት ድንጋይ አስቀምጠው ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ ሳልሰለጥን መንጃ ፈቃድ የሚያስወጣልኝ ደላላ አግኝቻለሁ። አሰልጣኙም ያውቃል።

መልስ፦ አሰልጣኙ ካወቀ አሰልጣኝ አይደለም። የሕጉን ስም ልብ ብለህ አንብበው፤ የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ነው የሚለው። ደላላው ፈቃዱን ይሸጥልህ ይሆናል፤ ብቃቱን ከየት ያመጣዋል?

ጥያቄ፦ ለንደን ነው የምኖረው። ለሐበሾች በራሴ መኪና፣ በትንሽ ክፍያ ማስተማር አስቤያለሁ።

መልስ፦ ሳትመዘገብ ክፍያ እንዳትቀበል፤ ብሪታንያ ውስጥ ሕገ ወጥ ነው። ሦስት ፈተና አለ፦ የጽሑፍ፣ የራስህ አነዳድ፣ ከዚያ የማስተማር ችሎታህ። ሦስተኛውን ወድጄዋለሁ፤ ጎበዝ ሾፌር ሁሉ ጎበዝ አሰልጣኝ አለመሆኑን የተረዳ ሰው ያወጣው ነው። ሙሉ ፈቃድ ያለው አሰልጣኝ መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ባጅ ይለጥፋል፣ ገና በልምምድ ላይ ያለው ሮዝ። ምዝገባው በየአራት ዓመቱ ይታደሳል።

ጥያቄ፦ ሰልጣኝ ጫት ቅሞ ቢመጣስ?

መልስ፦ መሪ አይጨብጥም። አሰልጣኙም ቢሆን።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 61 ነው። አሰልጣኜ የልጄ እኩያ ስለሆነ ሊያርመኝ ያፍራል፤ ስሳሳት ዝም ይላል።

መልስ፦ ጋሼ፣ ይህ ከሚጮኸው የባሰ ነው፤ ጨዋነት ስለሚመስል ማንም አይከሰውም። አንቱ እያለ ማረም ይቻላል፦ «ጋሼ፣ ፍሬቻ ረስተዋል»፣ በቃ። ነገ ገና ቀበቶዎን ሳያስሩ «ልጄ፣ ዛሬ የተሳሳትኩትን አንድ በአንድ ቁጠርልኝ» ይበሉት። ስንት እንደቆጠረልዎ ይጻፉልኝ፤ ከአሥር በታች ከሆነ አሁንም እያፈረ ነው።