ታፔላው ኢንተርናሽናል ሆነ፣ ትምህርቱስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ አምዱን ሁሌ አነባለሁ። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ልጆቼ የሚማሩበት የግል ት/ቤት ክረምት ላይ ታፔላውን ቀለም ቀብቶ "ኢንተርናሽናል" የምትል ቃል ጨመረበት፣ የድሮው ጽሁፍ ከስር አሁንም ይታያል፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ሉል ስለውበታል። አስተማሪዎቹ ያው ናቸው፣ ሽንት ቤቱም ያው ነው፣ ክፍያው ግን ጨመረ። የወላጅ ስብሰባ ላይ ብጠይቅ "ስታንዳርዳችን አድጓል" አሉኝ። ለመሆኑ ኢንተርናሽናል ት/ቤት የሚባለው ነገር ከየት መጣ? ምን ሲያሟላ ነው እንዲያ የሚባለው?

መልስ፦ እህቴ፣ በሽንት ቤቱ ሳቅኩ ግን ነገሩ የሚያስቅ አይደለም፣ ኪስሽን ነክቷላ።

ነገሩ የሚጀምረው ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቭ ነው። ከአንደኛው የአለም ጦርነት በኋላ ሊግ ኦፍ ኔሽንስ (የመንግስታት ማህበር የሚባለው፣ የዛሬው ተመድ ቀዳሚ) መቀመጫውን እዛ ከተማ አድርጎ ከየአገሩ ሰራተኛ መጣ፣ ሰራተኛው ደግሞ ልጅ አለው። ዛሬ ጄኔቭ ነው፣ ከሶስት አመት በኋላ ወይ አገሩ ይመለሳል ወይ ሌላ ቦታ ይመደባል፣ ልጁን የስዊስ ት/ቤት ቢያስገባው ሲሄድ ምን ሊሆን ነው? እናም በመስከረም 1917 ዓ.ም አርተር ስዊትዘር የሚባል አሜሪካዊና ሉድቪክ ራይክማን የሚባል ፖላንዳዊ ሀኪም፣ ሁለቱም የሊጉ ሰዎች ናቸው፣ አዶልፍ ፌሪየር ከሚባል ስዊሳዊ የትምህርት ሰው ጋር ሆነው ት/ቤት ከፈቱ። ስንት ተማሪ ይዘው ቢባል ስምንት! እሱም በፌሪየር ቤተሰብ ግቢ ውስጥ፣ በቃ የሰፈር መዋእለ ህጻናት በይው። (በነገራችን ላይ አገራችን ሊጉን የገባችው አንድ አመት ቀደም ብላ በመስከረም 1916 ነው፣ አዲስ አበባ ያለው ተፈሪ መኮንን ት/ቤትም የተከፈተው በዛው በ1917 ነው። እኔ ይሄን ግጥምጥሞሽ እወደዋለሁ።)

ት/ቤቱ አድጎ አምስት አመት ሳይቆይ ሰፊ ግቢ ገዛ፣ ዛሬ ሶስት ካምፓስና ከ4,000 በላይ ተማሪ አለው። ግን ለኛ ጥያቄ ዋናው እድገቱ አይደለም፣ ራስ ምታቱ ነው። ልጆቹ አብረው ተምረው ተምረው የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ላይ ሲደርሱ ይበታተናሉ፣ አንዱ ለፈረንሳይ ባካሎሪያ፣ ሌላው ለስዊስ ማትሪክ፣ ሌላው ለእንግሊዝ፣ ሌላው ለአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ይዘጋጃል። አንድ አስተማሪ ሶስት አራት ልጅ ይዞ ሌላው ክፍል ደግሞ ሌላ ሶስት ልጅ፣ ወጪውን አስቢው። "ለምን የትም አገር የሚያስገባ አንድ ፈተና አይኖርም?" የሚለው ሀሳብ ከዛ መጣ፣ በ1961 ዓ.ም አይቢ (ኢንተርናሽናል ባካሎሪያ) የሚባለው፣ ይሄን ፈተና የሚያዘጋጀው ድርጅት እዛው ጄኔቭ ተመሰረተ። ተማሪው ስድስት ትምህርት ይወስዳል፣ 4,000 ቃል የሚደርስ የራሱን ጥናት ይጽፋል፣ ውጤቱ ከ45 ይታሰባል። ዛሬ ከ5,000 በላይ ት/ቤቶች የአይቢ ፕሮግራም ያስተምራሉ።

እንግዲህ ቃሉ የመጣው ከሉልም ከከረባትም አይደለም (ደብረ ብርሃን ህዳር ላይ በዛ ውርጭ ህጻን ልጅ ከረባት አስሮ ሲንቀጠቀጥ ሳይ እናደዳለሁ፣ ሹራብ አልብሱት)። የመጣው ልጁ የያዘው ወረቀት ሌላ አገር ይሰራል ወይ ከሚለው ነው። ስለዚህ ዳይሬክተሩን "ስታንዳርድ" የሚለውን ትተሽ አንድ ነገር ጠይቂው፦ ልጄ ሲጨርስ የማንን ፈተና ነው የሚቀመጠው? "የካምብሪጅ መጽሐፍ ነው የምናስተምረው" ካለሽ መጽሐፉን ማንም ይገዛል፣ ካምብሪጅ ለሚያዘጋጀው ፈተና ማእከል ሆኖ መመዝገብ ሌላ ነገር ነው፣ የምዝገባ ወረቀቱን አሳየኝ በይው። አይቢ ካለሽ ደግሞ ስልክሽን አውጪ፣ ድርጅቱ ፈቃድ የሰጣቸውን ት/ቤቶች ዌብሳይቱ ላይ በአገር በአገር ይዘረዝራል፣ ስሙ ከሌለ የለም። "የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው" ካለሽ ጥሩ፣ የአገራችን ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው እሱ ነው፣ ግን እሱን እኮ የመንግስቱ ት/ቤት ኃይለማርያም ማሞ የሚማረው የጎረቤትሽ ልጅም ይፈተነዋል፣ ታዲያ ጭማሪው የምንድነው በይው።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት ነው። "ኮሚኒቲ ስኩል" የሚባለውስ ከኢንተርናሽናል ጋር አንድ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መነሻው ይቀራረባል። አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ሲመሰረቱ እንደ ጄኔቭ ሁሉ የውጭ ሰው በዛ፣ የየኤምባሲው ማህበረሰብ ለልጆቹ የከፈተው ት/ቤት በማህበረሰቡ ስም ይጠራ ነበር። አሁን ኢንተርናሽናል ኮሚኒቲ ስኩል የሚባለው ድሮ አሜሪካን ኮሚኒቲ ስኩል ነበር፣ እሱ ግን ስም ብቻ አልቀየረም፣ አይቢውንም ያስተምራል።