ከሽንኩርት ማሳ እስከ ሕሙማን ክፍል፦ ስለ ባክቴሪያ ጂኖም ጥያቄና መልስ

ዶክተር፦ እንደምን አመሻችሁ። ለማታውቁኝ፣ ደብረ ብርሃን ነው የማስተምረው። ሥራዬ የባክቴሪያን ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ ዲኤንኤውን፣ ማንበብ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የቡድናችን አባል "ማሳ ላይ ያለ ባክቴሪያ ሆስፒታል ገብቶ ሰው ይይዛል ወይ?" ብሎ ጠይቆ ክርክሩ ስለጦፈ፣ ዛሬ ማታ ጠይቁኝ ብያለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ሁለት ነገር ቀድሜ ላስጠንቅቅ። ፎቶ ልካችሁ የባክቴሪያ ስም አትጠይቁኝ፤ ባክቴሪያ በፎቶ አይለይም። የሰው አንቲባዮቲክም ማሳ ላይ አትርጩ።

ሮቢት ሽንኩርት፦ ዶክተር፣ ሸዋ ሮቢት በመስኖ ሽንኩርት አመርታለሁ። አንዳንዱ ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። ሲሰነጠቅ ግን ውስጡ ያለው ልጣጭ ቢጫና ሙልጭልጭ ያለ ነው፤ ኮምጣጣ ይሸታል። ይሄ ሰውም ይይዛል?

ዶክተር፦ ምልክቱን በደንብ ነው የገለጽከው፣ እንዲህ ስትጠይቁኝ ደስ ይለኛል። በ1950 ዋልተር በርክሆልደር የሚባል የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ እንዲህ ያለውን ብስባሽ በኒውዮርክ ግዛት ሽንኩርት ላይ አጥንቶ ባክቴሪያውን ገለጸው። ዛሬ በርክሆልደሪያ ሴፓሲያ እንለዋለን። ያኔ የሽንኩርት ጣጣ ብቻ ነበር። ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ግን ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል በዘር የሚወረስ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ሳንባ ውስጥ የዚሁ ቤተሰብ ባክቴሪያዎች መገኘት ጀመሩ። አንዳንዱን ሕመምተኛ በሳምንታት ውስጥ የሚገድሉ ሆኑ።

ለምን እንደሚችሉበት ጂኖማቸው ያሳያል። ከሕመምተኛ ተወስዶ በ2009 ጂኖሙ የታተመ አንድ የቤተሰቡ አባል 8 ሚሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ፊደል አለው፤ ያውም በሦስት ክሮሞሶም ተከፋፍሎ። ላብራቶሪ ውስጥ የምናውቀው ኢ ኮላይ 4.6 ሚሊዮን ነው ያለው። አፈር ውስጥ ለመኖር ብዙ መላ ያስፈልጋል። ያገኘውን መብላት አለበት፣ ጎረቤቱ የሚረጨውን መርዝም በፓምፕ መልሶ ማስወጣት አለበት። ሆስፒታል ሲገባ አንቲባዮቲኩን የሚያስወጣው እንዲህ ባሉ ፓምፖች ነው። የማጽጃ ፈሳሽ ውስጥ ሳይቀር ተርፎ ወረርሽኝ ያስነሳባቸው ሆስፒታሎች አሉ።

የአንተ ሽንኩርት ላይ ያለው እሱ ነው ብዬ ግን አልፈርምም። ፓንቶያና ፔክቶባክቴሪየም የሚባሉ ሌሎች ባክቴሪያዎችም ሽንኩርት ያበሰብሳሉ። ጤነኛ ሰው ሽንኩርት በመብላቱ በዚህ አይታመምም፤ የበሰበሰውን ጣለው። ከመንቀልህ በፊት ውሃ አቁም። አንገቱ ሳይደርቅ አታከማች። ሲነቀልና ሲጫን እንዳይቆስል ተጠንቀቅ፤ ባክቴሪያው የሚገባው በቁስል ነው።

የመንዝ ልጅ፦ ዶክተር፣ ስለ ባክቴሪያ በአጠቃላይ ቢያብራሩልን።

ዶክተር፦ በአጠቃላይ አልችልም። አንድ ነገር ለይተህ ጠይቀኝ።

ሲስተር፦ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው፤ የት እንደሆነ ይቅር። ክሌብሲየላ የሚባል ባክቴሪያ እየደጋገመ ይመጣብናል። ክፍሉን እናጥባለን፣ ትንሽ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመለሳል። የካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ላብራቶሪ ውስጥ አሳድጎ የመለየት፣ ውጤቱ ሁሌም ያው "ክሌብሲየላ ኒሞኒየ" ነው። ጂኖም ማንበብ ከዚህ በላይ ምን ይነግረናል?

ዶክተር፦ እህቴ፣ ዛሬ ማታ የመጣሁት ለዚህ ጥያቄ ነው ብል አላጋንንም። ካልቸር ስም ነው የሚሰጥሽ። የአምስት ሕፃን ውጤት አንድ ስም ስለያዘ ምንጩ አንድ ነው ማለት አይደለም። የክሌብሲየላ ጂኖም ከ5 ሚሊዮን ፊደል በላይ ነው። የአምስቱን አንብበን ስናስተያይ ልዩነታቸው በጣት የሚቆጠር ፊደል ከሆነ፣ በቅርቡ ከአንድ ቦታ ነው የተሰራጨው። ያኔ ያንን ቦታ እናድናለን፦ የእጅ መታጠቢያው ማፍሰሻ፣ የመምጠጫ ማሽኑ ቱቦ፣ አንዴ ተከፍቶ ለብዙ ሕፃን የሚቀዳ ፈሳሽ፣ የኛው እጅ። ልዩነቱ በሺዎች ከሆነ ግን እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ነው የገባው። አንድ ዕቃ ብታስወግዱ አይቆምም።

በ2012 ቤልፋስት ውስጥ ሦስት ጨቅላ ሕፃናት ሱዶሞናስ በሚባል ባክቴሪያ ሞተው ምርመራው የወሰደው ወደ ውሃ ቧንቧው ጫፍ ነው። በ1970 እና 1971 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ከፋብሪካው ተበክሎ ወጥቶ በብዙ ሆስፒታሎች ሕሙማን ተይዘዋል። ከተገኙት ባክቴሪያዎች አንዱ ዛሬ ፓንቶያ አግሎሜራንስ የምንለው ነው። ቅጠል ላይ የሚኖር ባክቴሪያ ነው!

የክሌብሲየላውም ነገር እንደዚያው ነው። ኬፒ342 የሚባል ዝርያ የተገኘው በቆሎ ውስጥ ነው። ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ተክሉን ይመግባል፤ ለገበሬ ወዳጅ ነው። ጂኖሙ በ2008 ታተመ። አይጥ ላይ ሲሞከር ከሆስፒታሉ ዝርያ ይድከም እንጂ ማሳመም ችሏል። ብዙ አንቲባዮቲክም ይቋቋም ነበር።

አንድ ነገር አደራ። ጂኖሙ እስኪነበብ አትጠብቁ። እጅ መታጠቡን፣ ፈሳሽ አለመጋራቱን ዛሬውኑ አጥብቁ።

አባ ጠራ፦ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። አንጎለላ ነኝ። ድንቼ አረንጓዴ እንደሆነ ቀን ቀን ይጠወልጋል፣ ማታ ይነሳል። ከሰነበተ ግን ጨርሶ አይነሳም። ምን በላው?

ዶክተር፦ አባባ፣ አንድ ነገር ይሞክሩልኝ። ከጠወለገው ግንድ ከታች በኩል ጣት የምታህል ይቁረጡ። በብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሳያንቀሳቅሱ አንጠልጥለው ይያዙት። በደቂቃዎች ውስጥ ከተቆረጠው ጫፍ እንደ ክር ሆኖ ነጭ ነገር ከወረደ የባክቴሪያ አጠውላጊ ነው። ራልስቶኒያ ሶላናሲያረም ይባላል። ክሩ የባክቴሪያው መንጋ ነው፤ የውሃውን መተላለፊያ የደፈነው እሱ ነው።

ጂኖም እዚህ ላይ ለገበሬ በቀጥታ የሚጠቅም ነገር ተናግሯል። ከኢትዮጵያ ድንች የተለዩ ናሙናዎች ዲኤንኤያቸው ሲመረመር በአብዛኛው አንድ የዘር ሐረግ ሆነው ነው የተገኙት። ቅዝቃዜ የሚችል፣ ደጋ የሚስማማው ሐረግ ነው። በየቦታው ካለው አፈር የተነሳ ቢሆን ኖሮ የተለያየ ዓይነት በጠበቅን። አንድ መሆኑ ግን ከድንች ጋር መጓዙን ያሳያል፤ ዘር ተብሎ በምንለዋወጠው ድንች። ስለዚህ ከታመመ ማሳ ለዘር አያስቀምጡ። ዘሩ በለጠም ይሁን ጉደኔ፣ ከየት ማሳ እንደመጣ ይጠይቁ። ማሳውን ለጥቂት ዓመታት ገብስ ወይም ስንዴ ያድርጉት፤ በመሃል በራሱ የበቀለ ድንች ካዩ ይንቀሉ። የሚረጭ መድኃኒት የለውም። ሰው አይይዝም፤ ድንቹን የነካ እጅ አያሳስብዎ። የሆስፒታል ውሃና ፈሳሽ ውስጥ ገብቶ ሕሙማንን የሚያስቸግረው ራልስቶኒያ ፒኬቲ የሚባል የቅርብ ዘመዱ ነው።

የባሶ ልጅ፦ የኔም ድንች ጠወለገ። ምን ልርጭ?

ዶክተር፦ ከላይ ያለውን አንብብ። የሚረጭ የለውም።

የመንዝ ልጅ፦ እሺ ለይቼ ልጠይቅ። ባቄላችንን የጨረሰው ቆርምድስ የየትኛው ባክቴሪያ ነው?

ዶክተር፦ ቆርምድ ባክቴሪያ አይደለም። ፈንገስ ነው፤ የእኔ ሙያ አይደለም። የግብርና ምርምር ማዕከሉ ብዙ ሠርቶበታል፤ እነሱን ጠይቅ።

ቆላ ገበሬ፦ ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ፈትቼ ቲማቲም ላይ ረጭቼ የተሻለው መስሎኛል። ለምንድነው የሚከለክሉን?

ፋርማሲስት፦ ይኸው! ሆስፒታል መድኃኒት አልሠራ ያለው በእናንተ ነው። ዶሮውም ጥጃውም ካፕሱል ይጠጣል፣ አሁን ደግሞ ቲማቲሙ።

ቆላ ገበሬ፦ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ካፕሱሉን የሚሸጥልን ማን ሆነና ነው? እናንተ አይደላችሁ?

ሮቢት ሽንኩርት፦ እውነቱን ነው። ደግሞ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ፖም ላይ ይረጩ የለም እንዴ?

ፋርማሲስት፦ እነሱ በቁጥጥር ነው።

የባሶ ልጅ፦ የሆስፒታል ፍሳሽ የት ነው የሚገባው? በወንዝ ውሃ ጎመን እናጠጣለን። ገበሬውን ብቻ ባትወቅሱ።

ሲስተር፦ እኛ ጋ ሴፍትሪአክሶን የሚባለው አንቲባዮቲክ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ማንም ያምጣው ማን፣ የሚሞተው ሕፃን ነው።

ዶክተር፦ ቆይ፣ ቆይ። በዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። እውነት ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ፖምና ፒር ላይ ስትሬፕቶማይሲን ይረጫል፤ ኤርዊኒያ አሚሎቮራ የሚባለውን ለመከላከል። ምን ተከተለ? ባክቴሪያው መድኃኒቱን ለመደ። በ1990ዎቹ ምክንያቱ ሲፈለግ ቲኤን5393 የሚባል ከዲኤንኤ ወደ ዲኤንኤ የሚዘል ቁራጭ ተገኘ። ስትሬፕቶማይሲንን የሚያመክኑ ሁለት ጂኖች ተሸክሟል። እነዚያው ሁለት ጂኖች ከሰውና ከእንስሳ በተወሰዱ ባክቴሪያዎች ውስጥም አሉ። ባክቴሪያው ራሱ ከፖም ወደ ሰው መሄድ አላስፈለገውም። ጂኑ ነው የሚሻገረው።

ሲስተር ያነሳችው ሴፍትሪአክሶንም እንዲሁ ነው። ሲቲኤክስ-ኤም የሚባለው መድኃኒቱን የሚያፈርስ ጂን መነሻው ክሉይቬራ ከሚባል፣ ሰውን እምብዛም የማይጎዳ የአካባቢ ባክቴሪያ ክሮሞሶም ነው። ከዚያ ፕላዝሚድ በሚባል፣ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ በሚተላለፍ ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ተሳፍሮ ኢ ኮላይና ክሌብሲየላ ውስጥ ገባ። ሆስፒታል አልፈጠረውም። ያበዛው ግን እዚያ ያለልክ የተሰጠው መድኃኒት ነው። ስለዚህ "አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ" መባባሉ ቦታ የለውም። ካፕሱሉ ማሳ ላይ አይረጭም፣ ያለ ማዘዣም አይሸጥም። የቲማቲሙን ምክንያት ሳታውቅ መድኃኒቱ አሻለው ማለትም አይቻልም፤ ቫይረስም ሊሆን ይችላል፣ የውሃ እጥረትም።

እመቤት፦ ለጨጓራ ባክቴሪያ ምን ልውሰድ?

ዶክተር፦ ሐኪም ጋ ሂጂ። እኔ መድኃኒት አላዝም።

ዘመናይ፦ ጠበል ውስጥ ባክቴሪያ አለ ይባላል። እውነት ነው?

ዶክተር፦ ስለ እምነት አልመልስም። ስለ ውሃ ከሆነ፣ ጀሪካን ውስጥ ለወራት የቆመ ማንኛውም ውሃ ክፍት ቁስል ላይ አይፈስም። ሱዶሞናስ የቆመ ውሃ ይወዳል።

ተማሪ፦ ዶክተር፣ እኔ ያልገባኝ አንድ ነው። ቅጠልና ሳንባ ምንም አይገናኙም። አንድ ባክቴሪያ ሁለቱንም እንዴት ይችላል?

ዶክተር፦ አየህ፣ ይሄን የሚጠይቅ ተማሪ ነው የምፈልገው። በ1995 ላውረንስ ራህሜ፣ ፍሬድሪክ ኦሱቤልና ባልደረቦቻቸው ከሕመምተኛ የተገኘ ፒኤ14 የሚባል የሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ዝርያ ወሰዱ። አራቢዶፕሲስ በሚባለው ትንሽ የላብራቶሪ ተክል ቅጠልም፣ በተቃጠለ የአይጥ ቆዳም ላይ ሞከሩት። ሁለቱንም አሳመመ። ከዚያ ጂኖቹን እየነጠሉ አበላሹ። ቅጠሉ ላይ ሲደክም አይጡም ላይ የደከመባቸው ጂኖች ተገኙ። ማለትም ለተክል አንድ መሣሪያ፣ ለሰው ሌላ መሣሪያ አይደለም የያዘው። ብዙው የጋራ ነው።

የዚሁ ባክቴሪያ ሌላ ዝርያ የሆነው የፒኤኦ1 ጂኖም በ2000 ታተመ፤ 6.3 ሚሊዮን ፊደልና 5,500 ያህል ጂን አለው። ትልቅ ድርሻው ሌሎቹን ጂኖች የሚቆጣጠር መሆኑ ነው ያስደነቀን። አካባቢው ሲለወጥ ሥራውን ይለውጣል። ሌላው ዓይነት ሦስት የሚባለው መውጊያ ነው። እንደ መርፌ ነው፤ ፕሮቲኑን በቀጥታ ወደ ሌላው ሕዋስ ያስገባል። ራልስቶኒያ ድንች ላይ፣ ሱዶሞናስ ሳንባ ላይ፣ ሳልሞኔላ አንጀት ላይ የሚጠቀሙበት የአንድ መሣሪያ ዘመዳሞች ናቸው። በመርፌው የሚገባው ፕሮቲን ግን ይለያያል።

አልማዝ፦ ጀርመን አገር አብሽ ሰው ጨረሰ ሲባል ሰምቻለሁ። ለልጆቼ አብሽ አጠጣለሁ፣ ልተወው?

ዶክተር፦ አትተዪው። በ2011 የሆነው ነው። አብሹ በቅሎ ቡቃያው ጥሬውን ነው የተበላው። ከ50 በላይ ሰው ሞቷል። ባክቴሪያው ኢ ኮላይ ነው፤ ጂኖሙ በቀናት ውስጥ ተነቦ አንጀት ላይ የሚጣበቅ ዓይነት ሆኖ ሳለ በቫይረስ በኩል የመርዝ ጂን እንደተጨመረበት ታወቀ። አብሹን አላበሰበሰም፤ ፍሬው ላይ ተሳፍሮ ነው የተጓዘው። ቡቃያ ሲበቅል ሙቀትና እርጥበት ስላለ ባክቴሪያም አብሮ ይራባል። የምትዘፈዝፊበት ውሃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፣ ዕቃውም ንጹሕ።

ተማሪ፦ የመመረቂያ ሥራዬን በዚህ ልሥራ ብል ምን ልማር?

ዶክተር፦ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓትና ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተማር። ጄንባንክ በሚባለው የጂኖም ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ ያለው ጂኖም ሁሉ ለማንም ክፍት ነው፤ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ካለህ ዛሬ ማታ ጀምር። ማንበቢያ መሣሪያውም ቢሆን እንደ ድሮው ክፍል የሚሞላ ብቻ አይደለም፤ ሚናየን የሚባለው ኪስ ይገባል።

ከሁሉ በላይ ግን አመዘጋገብ ተማር። ቀኑ፣ ቦታውና ከምን እንደተወሰደ ያልተጻፈበት ናሙና ጂኖሙ ቢነበብም ምንም አይነግረንም። እኛ ጋ ደግሞ የራሳችን ችግር አለ። አንዱ ብልቃጥ ላይ "ሚያዝያ 2016" ይጻፋል፣ ሌላው ላይ "4/2024"። አንድ ወር ገደማ ናቸው። ኮምፒውተር ውስጥ ሲገቡ ግን የስምንት ዓመት ልዩነት ይሆናሉ። ባክቴሪያ በስንት ዓመት ስንት ፊደል እንደሚለወጥ አስልተን ወረርሽኝ መቼ እንደጀመረ ለማወቅ ስንሞክር፣ ሥሌቱ ገደል ይገባል። የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉ! ቦታውንም "ሰሜን ሸዋ" ብላችሁ አትለፉ፤ የኦሮሚያም ሰሜን ሸዋ አለ። ወረዳና ቀበሌ ጻፉ።

የባሶ ልጅ፦ ዶክተር ፎቶ ልኬያለሁ፣ ይሄ ምን ባክቴሪያ ነው?

ዶክተር፦ በፎቶ አይለይም ብያለሁ። የብርጭቆውን ሙከራ አድርገህ ምን እንዳየህ ጻፍልኝ።

ሲስተር፦ ዶክተር፣ እኛ ናሙናው ላይ የሕፃኑን ካርድ ቁጥርና ቀን ብቻ ነው የምንጽፈው። ሌላ ምን እንጨምር?

ዶክተር፦ የአልጋውን ቁጥር፣ ሕፃኑ ከሌላ ክፍል ወይም ከሌላ ጤና ተቋም ተዛውሮ ከሆነ ከየት እንደመጣ፣ በተወለደ በስንተኛው ቀን እንደታመመ፣ በዚያ ሳምንት ምን አንቲባዮቲክ እንደጀመረ። ከሲንኩ ማፍሰሻና ከመምጠጫው ቱቦም በተመሳሳይ ቀን ናሙና ይወሰድ፣ እሱም በራሱ ስም ይመዝገብ። የላብራቶሪ ኃላፊያችሁ ከተስማማ ብልቃጦቹ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጡ፤ አይጣሉ። ቅጹን ነገ አዘጋጅቼ እልክልሻለሁ።