ክሩን ከመውቀሳችሁ በፊት ሄዱን እዩት

ልጆቼ፣

ከመካከላችሁ የድሮ ሪልና ካሴት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ የጀመራችሁ አላችሁ። አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ድምፁ ታፍኖ ሲመጣባችሁ ትሬብል (ቀጭኑን ድምፅ) ለመጨመር አትቸኩሉ። ማሽኑን አጥፉና ሄዱን፣ ማለትም ከክሩ (ከማግኔት ቴፑ) ላይ ድምፁን የሚያነበውን ክፍል፣ በባትሪ ብርሃን እዩት።

በወጣትነቴ አንድ ሰው የአባቱን ንግግር የያዘ ሪል በአደራ ሰጠኝ። ሳጫውተው «ሰ» እና «ሸ» አይለዩም ነበር። የሄዱ አቀማመጥ የተዛባ መሰለኝና የአዚሙዙን (ሄዱ ከክሩ አንጻር የሚቆምበትን ማዕዘን) ማስተካከያ ብሎን በጆሮዬ ግምት እያዞርኩ ገለበጥኩት። ሪሉን ለባለቤቱ ከመለስኩ በኋላ ሄዱን ስጠርግ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ፤ ከክሩ የረገፈ ኦክሳይድ፣ ድምፁን የያዘው የማግኔት ዱቄት፣ ነበር። ብሎኑም ከቦታው ወጥቷል፣ ወደ ትክክለኛ ቦታው የምመልስበት መለኪያ ቴፕ ደግሞ አልነበረኝም። ያንን ሪል ዳግመኛ አላገኘሁትም፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ጥቂት ቆሻሻ ይህን ያህል የሚጎዳበት ምክንያት አለው። ክሩ በሰከንድ 19 ሴንቲሜትር ሲሄድ የ10 ኪሎኸርዝ ቀጭን ድምፅ አንድ ሞገድ በክሩ ላይ የሚይዘው 19 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ብቻ ነው። ክሩ ከማጫወቻ ሄዱ በአንድ ሞገድ ርዝመት ከራቀ ድምፁ በ55 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ 2 ማይክሮን ቆሻሻ ከዚያ ቀጭን ድምፅ 6 ዴሲቤል ገደማ ይበላል። በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር በሚሄድ ካሴት ላይ ከሆነ ከ20 ዴሲቤል በላይ ይወስዳል! ወፍራሙ ድምፅ ግን እምብዛም ስለማይነካ፣ ሰሚው ክሩ ያረጀ ይመስለዋል።

ጽዳቱ ቀላል ነው፦ ንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮልና ጥጥ፣ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። ሳይደርቅ ክር አታስገቡ። ክሩን የሚጎትተውን ጎማ በጠንካራ ማሟሟያ አትንኩ፤ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ከጠረጋችሁትም በኋላ ድምፁ ካልተመለሰ ሄዱ በክሩ ፍትጊያ መበላቱን መርምሩ። የፐርማሎይ (የኒኬልና የብረት ቅይጥ) ሄድ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይበላል፤ ፌራይት (ሴራሚክ መሰል ማግኔታዊ ቁስ) ጠንካራ ነው፣ ግን ጠርዙ ይሸረፋል። ክሩ የሚያልፍበት ቦታ እየሰፋ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ በግራና በቀኝም እርከን ከሠራ፣ ክሩ በደንብ አይነካውም። ይህን በጊዜ ከደረሳችሁበት ባለሙያ ሞርዶ ቅርጹን ይመልስላችኋል። በቤት ብርጭቆ ወረቀት ግን በፍጹም! ጋፑ (ሄዱ ድምፁን የሚያነብበት ጠባብ ስንጥቅ) ከተከፈተ ከመቀየር በቀር መላ የለውም።

ስለ ዲማግኔታይዘር፣ በሄዱ ላይ የቀረውን ማግኔትነት ስለሚያጠፋው መሣሪያ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ማሽኑ ይጥፋ፣ ክሮቹ ሁሉ ከአካባቢው ይራቁ። መሣሪያውን አንድ ሜትር ያህል ርቃችሁ አብሩት፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ሄዱ አስጠጉት፣ ቀስ ብላችሁም መልሱት፤ አንድ ሜትር ሲርቅ አጥፉት። ሄዱ አጠገብ እያለ መብራት ቢቋረጥ ወይም እጃችሁ ማጥፊያውን ቢነካው፣ ሄዱ ከቀድሞው ብሶ ማግኔት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሥራውን ከመጀመሪያው ድገሙት፣ እስከዚያም አንድም ክር አታጫውቱበት።