ጥጃዋ ተቅማጥ ሲይዛት ምን እንስጣት?

ጥያቄ፦ የ10 ቀን ክልስ ጥጃዬን ተቅማጥ ከያዛት ሁለት ቀን ሆኗታል። ወተት ከልክዬ ስኳርና ጨው በውሃ እየበጠበጥኩ አጠጣታለሁ፤ ግን እየደከመች ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስኳሩን ዛሬውኑ ያቁሙ፣ ወተቱን ይመልሱላት። ስኳርና ጨው ለሰው ልጅ ይበጃል፤ የጥጃ አንጀት ግን የገበያ ስኳርን የሚፈጭ ኤንዛይም የለውም። ሳይፈጭ የቀረው ስኳር ውሃ ወደ አንጀት ስለሚስብ ተቅማጡን ያብሳል። ለጥጃ የሚሆነው ግሉኮስ ነው። ግሉኮስ የአንጀትን ግድግዳ ሲያልፍ ሶዲየምን (በጨው ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር) ይዞ ያልፋል፤ ውሃም ተከትሎ ይገባል።

የተቅማጥ ጥጃ ብዙ ጊዜ የምትሞተው ውሃና ኤሌክትሮላይት (እንደ ሶዲየምና ፖታሲየም ያሉ የሰውነት ጨዎች) አልቆባት ነው። ሶዲየም ሲጎድል የደሟ መጠን ይቀንሳል። አሲድን የሚያበርደው ባይካርቦኔት ከተቅማጡ ጋር ሲወጣ ደሟ ውስጥ አሲድ ይበዛል፤ አንገቷን የምትደፋውና መጥባት የምትተወው በዚህ ነው። የፖታሲየም መዛባት ደግሞ ልብን ያውካል።

ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ለጥጃ የተዘጋጀ የኤሌክትሮላይት ዱቄት ካገኙ እሱን ይግዙ፤ አሲዱን የሚያበርድ ነገር በበቂ አለው። ካጡ ግን ከፋርማሲ የሚሸጠው ኦ.አር.ኤስ. (ለሰው ተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት) ግሉኮስ ስላለው ለጊዜው ያገለግላል። ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውሃ ልክ አያዛንፉ፤ ብዙውን ጊዜ 1 ሊትር ነው። ውሃው ፈልቶ ለብ ያለ ይሁን። 30 ኪሎ ለምትመዝን ጥጃ በአንድ ጊዜ 1.5 ሊትር፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ በጡጦ ትጥባ። በግድ አይጋቷት፤ ሳንባዋ ከገባ ሌላ በሽታ ያመጣል።

ወተት በቀን 3 ሊትር ያህል ለሦስት ከፍለው ይስጡ። ኤሌክትሮላይት ብቻውን ጉልበት አይሆንም። ሁለቱን ግን አይቀላቅሉ፤ በመካከላቸው 2 ሰዓት ይለፍ፣ አለዚያ ወተቱ ሆዷ ውስጥ በደንብ አይረጋም።

የአንገቷን ቆዳ ቆንጥጠው ይልቀቁት። ለመመለስ ከ2 ሴኮንድ በላይ ከፈጀ፣ ዓይኗም ከጎደጎደ ውሃ አንሷታል ማለት ነው። ጣትዎን አፏ ውስጥ ሲያስገቡ ካልጠባች፣ አፏ ከቀዘቀዘ ወይም መቆም ካቃታት በአፍ መስጠት አይበቃም፤ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ስለሚያስፈልጋት ሳይውሉ ሳያድሩ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ። የሰው ቴትራሳይክሊን ፈትተው አይስጡ፤ በቫይረስ የመጣን ተቅማጥ አያድንም።

ከሌሎቹ ጥጆች ለይተው ደረቅ ጭድ ያንጥፉላት። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ልጆችም አይነካኳት፤ አንዳንዱ የጥጃ ተቅማጥ ወደ ሰው ይተላለፋል።