የሌጎ ቮልስህ ሳጥን የመሰለው ከጎማው ስላልጀመርክ ነው

«ደሴ ላይ ከዚህም ከዚያም በለቃቀምኩት ሌጎ የድሮ ቮልስ ብሠራ ሳጥን መሰለብኝ፤ ጎማውም ፓራፋንጎውን እየነካ አልዞር አለ። ኮምቦልቻ ላሉት ልጆች ላደርሰው ነበር፣ ምን ይሻላል?» ላልከው ወንድም።

አብሽር፣ የሁለቱም ችግር ምንጩ አንድ ነው፤ መጀመሪያ ቦዲውን ሠርተህ ኋላ ጎማ ፈለግክለት። ጡቡ፣ ማለትም እየተሰካካ የሚገጣጠመው የሌጎ ፕላስቲክ፣ ይጨመራል፣ ይቀነሳል። ጎማ ግን ያው ነው፣ ስለዚህ ልኩን የሚወስነው እሱ ነው።

ጎማህን በማስመሪያ ለካው። የእውነተኛው ቮልስ ጎማ ከዳር ዳር 66 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ያንተ 24 ሚሊ ሜትር ከሆነ መኪናህ 27 ጊዜ ተኩል ያህል ያንሳል ማለት ነው። ቮልስ ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል 2.40 ሜትር፣ ወርዱ 1.54፣ ቁመቱ 1.50 ነው። አንድ ጉብታ፣ ማለትም ጡቡ አናት ላይ ያለችው ክብ እብጠት፣ 8 ሚሊ ሜትር ይይዛል። ስታካፍለው በጎማዎቹ መካከል 11 ጉብታ፣ ወርዱ 7 ጉብታ ይመጣል። ብዙ ሰው 6 ወይም 8 የሚያደርገው ለጡቡ ስለሚመች ነው እንጂ ቮልስ ስለሚመስል አይደለም።

ለሻንሲው ጎናቸው የተበሳ ባለ 16 ጉብታ ጡብ 2 ውሰድና በመሃላቸው የ3 ጉብታ ክፍተት ተው፤ ወርዱ 5 ሆነ። አክስሉን ከፊት ስትቆጥር በ2ኛውና በ13ኛው ቀዳዳ አስገባ። 7 ጉብታ የሚረዝም አክስል 2 ይበቃል። ከላይ በስስ ጡብ ሁለት ድርብ እሰረው፦ ባለ 2 በ3 እና ባለ 2 በ2፣ እያንዳንዳቸው ወደ 16 ፍሬ። ታችኛው ድርብ በወርዱ 3 ከዚያ 2 ከሆነ፣ ላይኛውን 2 ከዚያ 3 አድርገው፣ በርዝመቱም አንድ ጉብታ አሳልፈው። ግንበኛ ብሎኬት እንደሚያሳልፍ ማለት ነው፤ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ ከወደቀ ሻንሲው መሃሉ ላይ ይረግባል።

አሁን ፓራፋንጎው። ሦስት ስስ ጡብ አንድ ሙሉ ጡብ ነው፣ 9.6 ሚሊ ሜትር። የጎማው አናት ከተበሳው ጡብ ጀርባ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ ፓራፋንጎውን ሁለት ስስ ጡብ ላይ ብታሳርፈው ይፋተጋል፤ ያንተም እንደዚያ ይመስለኛል። ሦስተኛውን ጨምርና በአራተኛው በየጎኑ አንድ ጉብታ አውጣ፣ ወርዱ 7 ይሞላል። ከፊትና ከኋላም የጎማው ክፍተት 4 ጉብታ ይሁን፤ 3 ብትተው ከጎማው ጋር እኩል ስለሚሆን ይነክሰዋል። ቸርኬውን ስታስገባ በሱና በሻንሲው መሃል ወረቀት አድርገህ ግፋ፣ ከዚያ ወረቀቱን ሳብ። ይኸው ነው፣ ይዞራል።

ከዚያ በላይ ወገቡ 2 ስስ፣ መስኮቱ 4፣ ጣሪያው 2። ከሻንሲው ሥር ሲቆጠር ድምሩ 15 ስስ ነው፣ 5 ሙሉ ጡብ።

ክብነቱን የሚያመጣልህ ጎኑ ላይ ጉብታ ያለው ጡብ ነው። 5 ስስ ጡብ ተደራርቦ 16 ሚሊ ሜትር ነው፣ ልክ የ2 ጉብታ ስፋት። ኮፈኑንና የኋላውን የሞተር ክዳን በዚህ ስሌት ክብ ጡቦችን በጎን እየለጠፍክ ሥራ። 4 ከሆነ ክፍተት ይታያል፣ 6 ከሆነ ይወጣል። በፈረንጆቹ እስከ 1953 የነበረውን ለሁለት የተከፈለ የኋላ መስታወት ግን አትሞክረው፤ በዚህ ልክ አንድ ጉብታ 22 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን መሃሉ ላይ ምሰሶ የቆመ ይመስላል።

የተለያየ ፋብሪካ ጡብ ከተቀላቀለብህ፣ ሁለቱን አጋጥመህ ገልብጥ። የሚወድቀውን ለውስጥ ሙሌት ተጠቀምበት እንጂ ለሻንሲው አታድርገው። ሱፐር ግሉም ይቅርብህ፣ ጭሱ መስታወቱን ያነጣዋል።

ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ በጎማው አቁመህ አትጫነው። ከሻንሲው ሥር የታጠፈ ጨርቅ አድርግና ጎማው አየር ላይ ሆኖ ካርቶን ውስጥ ይግባ።