ኦክሲቶሲን በጥቂቱና በብዛት
ጥያቄ፦ የለገጣፎ ነዋሪ ነኝ። እህቴ ምጥ ላይ ሳለች አዋላጇ ኦክሲቶሲኑን በጠብታ እየቆጠረች በጥቂት በጥቂቱ ሰጠቻት፤ ልጁ እንደተወለደ ግን 10 ዩኒት በአንድ ጊዜ ወጋቻት። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አዋላጇ ያደረጉት ትክክል ነው። ኦክሲቶሲን ማህፀንን የሚያኮማትር ሆርሞን ነው፤ በጥቂቱ ሲሰጥ ማህፀን ተኮማትሮ መልሶ ይላላል፤ ፅንሱ በቂ ኦክስጅን የሚያገኘው በዚህ ፋታ በመሆኑ፣ መጠኑ በዝቶ ፋታው ሲያጥር ፅንሱ ሊታፈን፣ አልፎም ማህፀን ሊቀደድ ይችላል። ከወሊድ በኋላ ግን ደም እንዳይፈስ የሚፈለገው ያው ጽኑ መኮማተር ነው። እጅግ ሊታሰብበት የሚገባ ሌላም ጉዳይ አለ፦ ይህ ሆርሞን የሰውነትን ውሃ ከሚቆጥበው ሆርሞን ከቫሶፕረሲን የሚለየው ከ9 አሚኖ አሲዶቹ በ2ቱ ብቻ ስለሆነ፣ በብዛት ለረጅም ሰዓት ሲሰጥ ኩላሊት ውሃ እንዲይዝ ያደርጋል፤ በዚህም የደም ሶዲየም ሊወርድ ይችላል።